ውስኪ የወረደለት ጠረጴዛ፦ የጎንደር ማስታወሻ

ጎንደር በጥር ሁለተኛ አጋማሽ ሠርግ በሠርግ ናት። ጥምቀት አልፎ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ባለው ጊዜ አዳራሽ፣ ዲኮር፣ መኪናና አዝማሪ አስቀድሞ ያልያዘ ይቸገራል፤ አልጋ ያልያዘም እንደዚያው። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ አዘዞ ካለው ማረፊያ እስከ ፒያሳ ደግሞ ወደ 18 ኪሎ ሜትር። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም፤ ስለ አልጋው ግን አለኝ። ፒያሳ አካባቢ ከሥሩ ጭፈራ ቤት ያለበት ሆቴል አትያዙ። አልጋዬ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ሲንቀጠቀጥ አደረ፤ ድምፁ የሚመጣው በወለሉ በኩል ስለሆነ መስኮት መዝጋት ምንም አይጠቅምም። ጠዋት ስናገር በዚያው ዋጋ በጓሮ በኩል ሌላ ክፍል ሰጡኝ። ሲገቡ ጀምሮ "በጓሮ በኩል ይሁንልኝ" ማለት ነው።

የመጣሁት ውስኪ ጠረጴዛ ላይ ሲቆም ምን እንደሚናገር ለማየት ነው። ለዚህ ደግሞ ጎንደር ከአዲስ አበባ ትሻላለች። አዲስ አበባ ውስጥ ውስኪ የሚፎካከረው ከሌላ ውስኪ ጋር ነው፤ እዚህ ግን በአንድ ምሽት፣ በአንድ መንገድ ላይ፣ ጠጅ በብርሌ፣ ጠላ በጣሳ፣ እዚሁ ከተማ የሚጠመቀው ዳሸን ቢራ፣ የዳጉሳ አረቄ በመለኪያ፣ ብላክ ሌብል የተባለው ውስኪ ከነበረዶ ባልዲው ጎን ለጎን ይገኛሉ። ማን ምን እንዳዘዘ ይታያል፤ ሰውም ያያል።

አዝማሪ ቤቶቹ የሚሞቁት ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ነው። ቀድሞ የገባ ሰው ማሲንቆው አጠገብ ቦታ ያገኛል፤ ቦታው የሱ የሚሆነው ግን እስኪያመሽ ብቻ ነው። ውስኪ የሚያወርድ ቡድን ሲመጣ ቢራ የያዘው ወደ ግድግዳው ይጠጋል። ማንም አይቆጣም፤ ሁሉም ሥርዓቱን ያውቀዋል። የጠርሙሱ አመጣጥ ራሱን የቻለ ትርዒት ነው። አስተናጋጁ ከትከሻው በላይ አንሥቶት፣ በሌላ እጁ ባልዲውን ይዞ፣ በመሐል አቋርጦ ያልፋል። ጠረጴዛው ላይ ሲያሳርፈው የጽሑፉን ፊት ወደ ታዳሚው ያዞረዋል፤ ለጠጪው ጀርባው ይደርሰዋል። ክዳኑ የሚከፈተው ከፋዩ አይቶ ራሱን ከነቀነቀ በኋላ ነው። አምቦ ውሃና ኮካ አብረው ይመጣሉ፤ ስጦታ ቢመስሉም ሒሳብ ውስጥ ይገባሉ።

አዝማሪው ወዲያው ፊቱን ወደዚያ ይመልሳል። ሙያው ነው፤ ሽልማት ከየት እንደሚወጣ ከጠርሙሱ ያነባል። የጎንደር አዝማሪ ግን አንዱን አወድሶ ሌላውን አያስቀይምም። ያመሸሁበት ቤት አዝማሪ የባለ ብላክ ሌብሉን ስም ጠይቆ ካሞገሰው በኋላ፣ ጥግ ላይ አረቄ ይዘው ወደ ተቀመጡ ሁለት ሽማግሌዎች ዞሮ እንዲህ አለ፦

ባለጠርሙስ ጌታ አንተን ማን ይረሳል፣
ባለመለኪያውም ነገ ግን ይደርሳል።

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። አንደኛው ተነሥተው 50 ብር ግንባሩ ላይ ለጠፉለት፤ ባለጠርሙሱ በ200 መለሰ። ከዚያ በኋላ ቤቱ አንድ ቤት ሆነ። እንዲህ ዓይነት ማስታረቅ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙም አላየሁም፤ እዚያ አዝማሪው የውስኪውን ጠረጴዛ ከያዘ አይለቅም።

ሒሳብ ሲመጣ ሲንግል ያዘዝኩት ደብል ተብሎ ተጽፎ፣ ያልነካሁት አምቦ ውሃም ተጨምሮበት ነበር። ስጠይቅ ያለ ክርክር አስተካከሉት። ገና ሲያዙ "ሲንግሉ ስንት ሚሊ ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። 750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ በ30 ሚሊ መለኪያ 25 ሲንግል ይወጣዋል፤ አንድ ሊትሩ 33። አራት ሰዎች ሦስት ሦስት ሲንግል ቢጠጡ 12 ነው፤ ግማሽ ጠርሙስ አይሞላም። ጠርሙስ የሚያወርዱ አራት ሰዎች ሌላውን ግማሽ የሚከፍሉት እንግዲህ ቆሞ እንዲያመሽ ነው። የተረፈውን ቤቱ ያስቀምጥላችኋል፤ ስምና ቀን ጽፋችሁ፣ የፈሳሹን ከፍታ በእስክሪብቶ አስምሩበት። ይህን የሚያደርግ ደንበኛ ይከበራል እንጂ አይናቅም።

ይህ የጠርሙስ ክብር የተሠራው ከሩቅ ነው፤ ሥራውም ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ስኮትላንድ ውስጥ የሚታወቀው የመጀመሪያው መዝገብ የ1494 ነው፤ ጆን ኮር የተባለ መነኩሴ "የሕይወት ውሃ" እንዲያወጣ ብቅል እንደተሰጠው የቤተ መንግሥቱ የሒሳብ መዝገብ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ውስኪ ገበሬ በጓሮው የሚያወጣው፣ ብዙ ጊዜም ከቀራጭ የሚደበቅ መጠጥ ነበር። በ1823 የወጣው ሕግ በፈቃድ መሥራትን አዋጭ አደረገ። በ1860ዎቹ ፊሎክሴራ የተባለው ተባይ የፈረንሳይን ወይን ማድረቅ ሲጀምር ደግሞ ከወይን የሚወጣው ብራንዲ፣ ኮኛክ፣ ጠፋ፤ ብራንዲ በሶዳ ይጠጣ የነበረው የእንግሊዝ ባለጸጋ ወደ ውስኪ በሶዳ ዞረ። የገበሬው መጠጥ ወደ ጌታው ጠረጴዛ የወጣው አንድም በዚህ ተባይ ምክንያት ነው።

የቀረውን ነጋዴዎች ሠሩት። ጆን ዎከር በ1820 ኪልማርኖክ በምትባል ከተማ የሸቀጣ ሸቀጥ ሱቅ የከፈተ ሰው ነው። ልጁ አሌክሳንደር አራት ማዕዘን ጠርሙስ አመጣ፤ ሣጥን ውስጥ ቦታ ይቆጥባል፣ ሲጓጓዝም የሚሰበረው ያንሳል። ጽሑፉ 24 ዲግሪ ዘምሞ ተለጠፈ፣ ፊደሉ እንዲተልቅ። በ1908 የሚራመደው ሰውዬ ተሣለ፤ በ1909 ሬድ ሌብልና ብላክ ሌብል የሚሉት ስሞች መጡ። አሁን ጎንደር አዝማሪ ቤት ገብታችሁ ተመልከቱ። መብራቱ ደብዛዛ ነው፣ ዕጣኑ ይጨሳል፣ ሰው ለእስክስታ ቆሟል፤ ከበሩ አጠገብ ሆኖ ግን ያ አራት ማዕዘንና ያ የዘመመ ጽሑፍ ይለያል። ቀለሞቹም ማዕረግ ሆነዋል። ቀምሶት የማያውቅ ልጅ እንኳ ጥቁሩ ከቀዩ እንደሚበልጥ ይነግራችኋል። ለምን እንደሚበልጥ ግን ጥቂት ሰው ነው የሚያውቀው፦ ብላክ ሌብል ውስጥ ከተቀላቀሉት ውስኪዎች በዕድሜ ትንሹ 12 ዓመት በርሜል ውስጥ የቆየ ነው፤ ሬዱ ዕድሜ አይጻፍበትም።

ሲኒማ የበኩሉን ጨመረ። በካውቦይ ፊልም በሩን ገፍቶ የገባ ሰው ውስኪ ያዝዛል፣ በአንድ ትንፋሽ ይጨልጠዋል፣ ፊቱን አያኮማትርም። አሜሪካ ከ1920 እስከ 1933 መጠጥ በከለከለችበት ዘመን ውስኪ በአንድ በኩል በሐኪም ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት ይሸጥ ነበር፤ በሌላ በኩል የወንበዴ ንግድ ነበር። ሁለቱም ምስሎች ፊልም ውስጥ ገብተው ቀሩ። አሜሪካዊው ዘፋኝ ፍራንክ ሲናትራ በ1998 ሲቀበር ጃክ ዳንኤል የተባለው የአሜሪካ ውስኪ ጠርሙስ አብሮት ተቀብሯል። ስለ ጃክ ዳንኤል ካነሣን ብዙ የማይነገረው ይነገር፦ ባለ ስሙን ሰውዬ አረቄ ማውጣት ያስተማረው ኒረስት ግሪን የተባለ በባርነት የኖረ ጥቁር ነው። ኩባንያው ይህን ታሪክ በይፋ መናገር የጀመረው በ2016 ነው። ጠርሙሱ ላይ አሁንም የአንዱ ስም ብቻ ነው ያለው።

የባጃጅ ሹፌር ቁምነገረኛ ሲሆን ከተማ ይከፈታል። በየቀኑ የሚያመላልሰኝ ወጣት፣ ፒያሳ ካለው ፖስታ ቤት እስከ ፋሲል መዋኛ ስንት እንደሚከፈል ከመጀመሪያው ነግሮኝ ያንኑ ብቻ የተቀበለኝ ልጅ፣ የጎረቤቱ ሠርግ ላይ ይዞኝ ሄደ። እንግዳ መሆኔን ማንም አልጠየቀም፤ ሳህን ሰጡኝ።

አዳራሹ ውስጥ የውስኪው ድልድል ግልጽ ነበር። የሚዜዎቹ ጠረጴዛ ብላክ ሌብል፣ ከውጭ የመጡት ዘመዶች ያሉበት ሌላ ብላክ ሌብል፣ የሥራ ባልደረቦች ሬድ፣ ሌላው ቢራና ጠላ። ቪዲዮ ቀራጩ ሚዜዎቹን ሲያነሣ አበባውን ገፍቶ ጠርሙሱን ወደ ፊት አመጣው። የሙሽራው አያት አጠገብ ያስቀመጡትን ውስኪ አንድ ቀን ያላዩት ያህል አልፈው ጠላ ጠየቁ፤ ጠርሙሱም እስከ መጨረሻው ሳይከፈት ቆመ። እሳቸው ሳይጠጡት ክብሩ ተሰጥቷቸዋል፤ ቤተሰቡም የፈለገው ይህንኑ ነው።

ሠርግ ለሚደግስ ሰው ስሌቱ እንዲህ ነው። አሥር ሰው በሚቀመጥበት ጠረጴዛ ብዙውን ጊዜ ውስኪ የሚጠጣው ግማሹ ነው፤ አምስት ሰው አራት አራት ሲንግል ቢል 20 ሲንግል፣ 600 ሚሊ ሊትር ነው። ስለዚህ ለአንድ ጠረጴዛ አንድ ጠርሙስ ይበቃል፤ ሁለተኛው ለዓይን ነው። የሚበላሸው ነገር አንድ ነው፦ ሁሉንም ጠርሙስ በአንድ ጊዜ መክፈት። ያልተከፈተውን ሱቁ መልሶ እንዲወስድ ሲገዙ ተስማምቶ በደረሰኝ ላይ ማጻፍ ይቻላል፤ ክዳኑ የዞረ ጠርሙስ ግን የማንም አይሆንም። ቁልፉንና ቆጠራውን ለአንድ ሰው ስጡ፤ ለሙሽራው ጓደኞች አይሁን።

ጎንደር ውስጥ የገባሁበት ቤት ሁሉ ሳሎኑ ውስጥ ቡፌ አለ፤ ቡፌው ውስጥም የሆነ ዘመድ ከዱቲ ፍሪ ያመጣው ውስኪ። አንዳንዱ ልጅ ሳይወለድ የገባ ነው፣ ልጁ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል፣ ጠርሙሱ አልተከፈተም። ባለቤቶቹ "ይኸው እያረጀ ነው፣ ዋጋው እየጨመረ ነው" ይላሉ። ውስኪ የሚያረጀው በርሜል ውስጥ ብቻ ነው፤ ጠርሙስ ውስጥ የገባ የ12 ዓመት ውስኪ ሃያ ዓመት ቢቆምም የ12 ዓመት ነው። ደግነቱ አይበላሽም፣ ሦስት ነገር ከተጠበቀ፦ ፀሐይ አይንካው፤ እንደ ወይን ጠጅ አይጋደም፣ አልኮሉ ቡሹን ይበላዋልና፤ ከተከፈተና ከግማሽ በታች ከወረደ ደግሞ በዓመት ውስጥ ይጠጣ፣ አየሩ መዓዛውን ያደክመዋልና። እኔ የምመክረው መክፈት ነው። ያመጣው ሰው በሕይወት ሳለ፣ እሱ ባለበት።

የቅዳሜ ገበያን ለሌላ ነገር ሄጄ ባዶ ጠርሙሶቹ ጋ ቆሜ ቀረሁ። አራት ማዕዘኑ ጠርሙስ እዚያ ሌላ ዕድሜ ይጀምራል፤ ዘይት፣ ማር፣ አረቄ ይገባበታል። ጥሩ ጠርሙስ ነው፣ ወፍራም ነው፣ ክዳኑ ይገጥማል። ችግሩ ተመልሶ ውስኪ ተብሎ ሲሞላ ነው። ስለዚህ መጠጥ ቤት ውስጥ ጠርሙስ ስታወርዱ ክዳኑ ፊታችሁ ይከፈት፤ ሲዞር ቀለበቱ ሲሰበር መሰማት አለበት። አፉ ላይ ፈሳሽ እንዲወጣ እንጂ እንዳይገባ የሚከለክለው ፕላስቲክ ካለ፣ የተነቀለና የተፋፋቀ አለመሆኑን እዩ። መስታወቱ ላይ የታተመው የምርት ቁጥር ተፍቆ ከሆነ መልሱት። የፈሳሹ ከፍታ ከሌላ እሽግ ጠርሙስ ጋር ይመሳሰል። ቀለሙን አትመኑ፤ ትክክለኛው የስኮትላንድ ውስኪም ቢሆን ለቀለም ካራሜል እንዲጨመርበት ሕጉ ይፈቅዳል፣ አስመሳዩም ይህንኑ ነው የሚጠቀመው። ስትጨርሱ ደግሞ ጽሑፉን በቁልፍ ቧጥጣችሁ ተነሡ።

አንድ ከባድ ነገር ላክል። ከእህል የወጣ መጠጥ በራሱ የሚኖረው ሜታኖል፣ መርዛማው የአልኮል ዓይነት፣ ጥቂት ነው፤ ሰው የሚገድለው የፋብሪካ ሜታኖል ሲደባለቅ ነው። በቅምሻ አይለይም፣ በእሳት ነበልባል ቀለምም አይለይም። ከጠጡ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ዓይን ከደበዘዘ፣ ሆድ ከታመመ፣ ትንፋሽ ከፈጠነ "ስካር ነው፣ ይለቀኛል" ሳይባል በቀጥታ ሆስፒታል ነው።

ወደ አረቄው ልምጣ። ሹፌሩ ስለ ውስኪ ስጠይቅ ሰምቶኝ "አክስቴ ጋ ልውሰድህ፤ እሷ ዳግም ነው የምታወጣው" አለኝ። ቤቱ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው። "ና ግባ ወንድምዓለም፣ እሳቱ ዳር አትቁም፣ ይተፋል" ብለው ተቀበሉኝ። ቡና አፍልተው፣ ሥራቸውን ሳያቋርጡ፣ የጠየቅኩትን ሁሉ መለሱልኝ። እንዲህ ዓይነት አስተማሪ በክፍያም አይገኝም።

የሚጀመረው ከብቅል ነው። ገብስ ወይም ዳጉሳ አንድ ቀን ተነክሮ፣ ውሃው ጠፍፎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ሦስት አራት ቀን ይበቅላል፤ ቡቃያው ሲወጣ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። ጌሾው ደርቆ ተወቅጦ በውሃ ይጠነሰሳል፤ ጥንስሱ ሦስት ቀን ያህል ቆይቶ ብቅሉ ይገባበታል። የዳጉሳው ዱቄት ተቦክቶ በወፍራሙ ይጋገርና ቂጣው ተፈርፍሮ ይጨመራል። ይኼ ድፍድፍ ነው። የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ በጥር እስከ ሳምንት ይወስዳል። አረፋው ሲተኛ፣ ፍርፋሪው ሲዘቅጥ፣ ከላይ ጠራ ያለ ፈሳሽ ሲቆም ደርሷል። ቀድመው ካወጡት ጣፋጩ ገና ወደ አልኮል አልተለወጠም፣ አረቄው ያንሳል። ካዘገዩት ይኮመጥጣል፣ ያም ኮምጣጣነት ተከትሎ ወደ ጠርሙሱ ይገባል።

እንስራው ከሁለት ሦስተኛ በላይ አይሞላም፤ ከተሞላ ሲፈላ ወደ መቃው ይወጣና አረቄው ይደፈርሳል። መጋጠሚያው በሊጥ ይመረጋል። እንፋሎት የሚያመልጥበት ቦታ ካለ ሽታው ይነግራችኋል፣ ያመለጠው ደግሞ ከሁሉ የጠነከረው ክፍል ነው። መቃው ወደ ታች ዘንበል ብሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ወደ ተቀመጠው መቀበያ ይገባል። ውሃው ለእጅ ለብ ሲል ይቀየራል። እሳቱ ዝግ ያለ መሆን አለበት፤ ከነደደ ድፍድፉ ከሥር ያርና የማረሩ ጣዕም በምንም አይለቅም። ጎንደር ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ አልኮሉም ከቆላው ባነሰ ሙቀት ይነሣል፣ ስለዚህ ቆላ የለመደ ሰው እዚህ እሳት ያበዛል። መጀመሪያ የሚወጣውን፣ ሙጫ ሙጫ የሚሸተውን፣ ለብቻ ያስቀምጡታል፤ መጨረሻ የሚወጣውን ውሃ ውሃ የሚለውንም እንዲሁ። ሁለቱም ከሚቀጥለው ድፍድፍ ጋር ይመለሳሉ። ያንኑ ነገር የስኮትላንድ ማውጫዎችም ያደርጋሉ። ተራው ተመልሶ ሲወጣ ዳግም ይሆናል፤ ጥንካሬው 45 ከመቶ አካባቢ ይደርሳል። ከ20 ሊትር ድፍድፍ ከሁለት እስከ ሦስት ሊትር ዳግም ካገኙ ደስተኛ ናቸው።

በእሳት መፈተን የሚባለው ነገር እንዳያሳስት። 40 ከመቶ አልኮል በእሳት ለመያዝ 26 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይፈልጋል፤ በጎንደር ብርዳማ ጠዋት ደህናው አረቄ እንቢ ሊል ይችላል፣ ከሰዓት በኋላ ያው አረቄ ይነዳል። ባለሙያዋ የሚያምኑት አረፋውን ነው። ጠርሙሱን ወዝወዝ አድርገው ዶቃ ዶቃ የሚያህለው አረፋ ስንት እንደሚቆይ ያያሉ።

አሁን ይህን ከብቅል ውስኪ ጋር አስተያዩት። ገብስ ይነከራል፣ ይበቅላል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ በሙቅ ውሃ ይታሻል፣ በእርሾ ይብላላል፣ ወደ 8 ከመቶ ሲደርስ በመዳብ ጋን ሁለት ጊዜ ይወጣል። መዳቡ የድኝ ሽታን ይይዛል፤ የእትዬ እንስራ ይህን አይችልም፣ በዳጉሳ አረቄ ውስጥ የሚቀረው ጠንከር ያለ ሽታ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አይላ ከምትባለው ደሴት የሚመጣው ውስኪ ጭስ ጭስ የሚለው ብቅሉ በሚደርቅበት ጊዜ ፒት በተባለ፣ ከረግረግ በሚቆፈር የበሰበሰ ዕፅዋት አፈር ጭስ ስለሚታጠን ነው። ጭስና መጠጥ ለእኛ እንግዳ አይደሉም፤ የጠላ ጋን በግራዋ ታጥቦ በወይራ ይታጠናል። ልዩነቱ እነሱ እህሉን ያጥናሉ፣ እኛ ዕቃውን።

ትልቁ ልዩነት በርሜሉ ነው፤ እሱም ቢሆን ሰው እንደሚያስበው የጥንት አይደለም። በማግስቱ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ወጣሁ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ግቢ ፍርስራሽ ወዳለበት። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲገባ ያስተናገዱት እቴጌይቱ ናቸው። በዚያ ዘመን በብሩስ አገር ደጋ ላይ ገበሬው የሚጠጣው ውስኪ በአብዛኛው እንደ ወጣ የሚጠጣ፣ ነጭ፣ አንዳንዴም ቅጠላ ቅጠል የሚገባበት መጠጥ ነበር። የእትዬን ዳግምና ያንን ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በቀለም አይለያዩም። ውስኪ በርሜል ውስጥ መቆየት አለበት የሚለው ሕግ በብሪታንያ የወጣው በ1915 ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ዓመት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሦስት። ዛሬ አዝማሪ ቤቱን የሚያስጎነብሰው መጠጥ ከአረቄ የተለየበት ሕግ ገና አንድ መቶ ዓመት ጥቂት ያለፈው ነው።

ስለዚህ እላለሁ፦ የዳጉሳ አረቄ በርሜል ይገባዋል። ይህን ሊሞክር የሚፈልግና ፈቃዱን የሚያወጣ ሰው ጎንደር ውስጥ መኖር አለበት። ዳጉሳው እዚሁ ይበቅላል፣ ባለሙያዎቹ አሉ። ለመጀመሪያ ያገለገለ የወይን ጠጅ በርሜል ይሻላል፣ ከአዲሱ ይረክሳል፣ እንጨቱም ይለዝባል። ከመሞላቱ በፊት ሁለት ሦስት ቀን ውሃ ይያዝ፣ እንጨቱ ነፍቶ ስንጥቁን እንዲዘጋ። በድኝ ታጥኖ የቆየ ከሆነ ሽታው እስኪለቅ ይታጠብ። ዳግሙ 45 ከመቶ ላይ ለበርሜል ደካማ ነው፤ የስኮትላንድ ማውጫዎች አብዛኛውን ጊዜ 63.5 ከመቶ አድርገው ነው የሚሞሉት፣ ስለዚህ ሦስተኛ ማውጣት ያስፈልጋል። 20 ሊትር በርሜል ከ200 ሊትሩ ይልቅ በፍጥነት ያቀላል፣ ግን በፍጥነት ይመርራል፣ ብዙም ይተናል፤ በየወሩ መቅመስ ነው። ስኮትላንድ በትልልቅ በርሜል በዓመት ወደ 2 ከመቶ ይተናል። በወይራ ማጠን የሚፈልግ በርሜሉ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ አረቄ እንዳያስገባ፤ የአልኮል እንፋሎትና ፍም አይገናኙም። ባሕር ዛፍና ጥድ ለበርሜል አይሞከሩ፣ ዘይታቸው መጠጡን ያበላሸዋል።

ለእትዬ ይህን ስነግራቸው "ሦስት ዓመት ቁጭ ብሎ ማን ያበላናል?" አሉኝ። ትክክል ናቸው። በርሜል ማለት የታሰረ ገንዘብ ነው፤ ስኮትላንዶችም ብቻቸውን አልቻሉትም፣ ነጋዴና ባንክ ነው የተሸከመላቸው። ለሳቸው የዚህ ሳምንት ድፍድፍ የሚቀጥለውን ሳምንት እህል ይገዛል። መለኪያውን በ20 ብር ነው የሚሸጡት። ከሚያወጡት አሥር እጅ አንዱን ብቻ በርሜል ውስጥ የሚያቆይላቸው፣ ለእህሉ አስቀድሞ የሚከፍል ማኅበር ቢኖር ግን ስሌቱ ይለወጣል።

ስነሣ አንድ ሊትር ዳግም ሰጡኝ፣ በብላክ ሌብል ጠርሙስ። ልክፈል ብል "የእንግዳ ነው" ብለው እንቢ አሉ። ሻንጣ ውስጥ ማስገባት ግን አይቻልም። በአየር መንገዶች ዓለም አቀፍ ደንብ ከ24 እስከ 70 ከመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በሻንጣ እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ግን በፋብሪካ እንደታሸገ መሆን አለበት፣ የተከፈተ ጠርሙስ አይቀበሉም። ስለዚህ ለባጃጅ ሹፌሩ ሰጠሁት፤ ለመጪው የእህቱ ሠርግ ሚዜዎቹ ጠረጴዛ ላይ እንደሚያቆመው ነገረኝ። ጽሑፉን አንሥቶ የአክስቱን ስምና የወጣበትን ቀን እንዲጽፍበት መከርኩት፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ቢነከር ወረቀቱ ሳይቀደድ ይላቀቃል።